ስለ ኮንሶ ሞራ፤ የትውልድ እንጨት ስለሚቆምበት አደባባይ

በአገራችን ታሪክ ጸሐፊ ምንጭ አምጣ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የገዳም ዕቃ ቤት ነው። ብራናው፣ ገድሉ፣ ዜና መዋዕሉ፣ በወንጌል ኅዳግ የተጻፈው የርስትና የጉልት ውል የሚገኘው ከዚያ ስለሆነ፥ ልማዱ ስሕተት አይደለም። ዳሩ ግን ከዚህ መልካም ልማድ አንድ ክፉ አስተሳሰብ ተወልዷል፤ ይኸውም ብራና የሌለው ሕዝብ ታሪክ የለውም፥ ቢኖረውም ታሪኩ የሚጀምረው ሌሎች በመዝገባቸው ከጠቀሱት ቀን ነው የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በውጭ አገር ሲማር ይህንኑ አስተሳሰብ በሌላ ቋንቋ ተምሮ፥ ሲመለስም ሳይመረምረው ለተማሪዎቹ ጥቂት ዓመት አስተምሮታል። ወደ ኮንሶ የሄድሁት ይህን ዕዳ ለመክፈል ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ የሄድሁት ለመቁጠር ነበር። ምን ልቆጥር እንደ ሄድሁና ቁጥሩ ለምን እንዳልሠመረልኝ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ኮረብታማ አገር ነው። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን፥ ዋና ከተማው ካራት ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የሕዝቡ ቋንቋ ከኩሽ ወገን ነው፤ ለኦሮምኛም የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዳ ወደዚህ አገር ሲገባ መጀመሪያ ዐይኑን የሚይዘው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው። ከሸለቆው ሥር አንሥቶ እስከ ኮረብታው ራስ ድረስ በጭቃ ሳይያያዝ የተካበ እርከን በእርከን ላይ ተደርድሯል፤ በየእርከኑም ማሽላው፣ ጥጡ፣ በአማርኛ ሽፈራው የምንለው ዛፍ ይታያል።

ይህን እርከን የጠቀስሁት ለገጽታው ውበት ብዬ አይደለም። እርከን የብቻ ሥራ አለመሆኑን ለማሳሰብ ነው። የላይኛው ሰው ካብ በፈረሰ ጊዜ ጎርፉ የታችኛውን ሰው አፈር ከነዘሩ ይዞት ይወርዳል፤ የታችኛው ካብ ከተናደም የላይኛው መሠረቱን ያጣል። ስለዚህ ጎረቤት የጎረቤቱን ካብ እንደ ራሱ ካብ ይጠብቃል። ሓርዳ የሚባለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬም እንደዚሁ በሕዝብ ጉልበት ይቆፈራል፥ በሕዝብ ጉልበት ይጠረጋል። የጋራ ሥራ የጋራ ምክርን ይጠይቃል፤ የጋራ ምክርም የተወሰነ ሥፍራ ይሻል። ያ ሥፍራ ሞራ ይባላል።

የኮንሶ ሰው እንደ ብዙው የደጋ ገበሬ በየእርሻው ተበታትኖ አይቀመጥም። በኮረብታ ራስ ላይ ወይም በከፍተኛ ሜዳ ላይ ፓሌታ በሚባል በድንጋይ ግንብ በተከበበ ከተማ ውስጥ ተጠጋግቶ ይኖራል። ከፍታው ከጠላት ይጠብቀዋል፤ ከቆላው ወባም ያርቀዋል፤ የሚታረሰውም መሬት በቤት አይያዝበትም። የግንቡ ቁጥር እንደ ከተማው ዕድሜና ስፋት ይለያያል፤ ከ1 እስከ 6 ዙር ይደርሳል። በአንድ ከተማ ውስጥ የሚገኙት ሞራዎችም እንዲሁ ይለያያሉ፤ 17 ሞራ ያለው ከተማ መኖሩ ተመዝግቧል።

እኔ የጎበኘሁት በጋሞሌ የሚገኘውን ሞራ ነው። ጋሞሌ ከካራት ብዙ የማትርቅ የግንብ ከተማ ናት። በካራት ፈቃድ ከተቀበልሁ በኋላ፥ የአገሩ ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት መምህር በመሪነትና በአስተርጓሚነት አብሮኝ ሄደ። ከውጭው በር ስንገባ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ ጠባብ ሆነ፤ ግራና ቀኙ ከታች የድንጋይ ካብ፥ ከካቡ በላይ የእንጨት አጥር ነው። የየቤቱ ደጃፍ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ማለት አለበት፤ መሪዬም፥ በክፋት የመጣ ሰው አንገቱን ሳያስቀድም አይገባም ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። እንዲህ በጠባብ መንገድ ከተጓዝን በኋላ ድንገት ሰማይ ተከፈተ፤ ከሞራው ደረስን።

ሞራው በድንጋይ የተነጠፈና ዙሪያው በካብ የተከበበ ሜዳ ነው። በዳር በዳሩ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ ከብዙ ዘመን መቀመጥ የተነሣ ተልገው የሚያብረቀርቁ ናቸው። በአንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የገበጣ ጉድጓዶች ተፈልፍለውበታል። በአንድ ወገን ፓፍታ የሚባለው ቤት ቆሟል፤ ታችኛው ክፍሉ በወፋፍራም ግንዶች የተደገፈና በዙሪያው ክፍት የሆነ ጥላ ሲሆን፥ ከላዩ በሣር ክዳን ሥር ማደሪያ ሰገነት አለው። በሌላው ወገን ረጃጅም ድንጋዮች ተተክለዋል። ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን ኦላሂታ ነው፤ ይህም በአንድነት የታሰሩ ረጃጅም የጥድ ግንዶች፥ ሥራቸው በድንጋይ ተከቦ ወደ ሰማይ የቆሙበት ነው።

የሞራ ሥራ ምንድር ነው ቢባል፥ ለአንድ ከተማ ሰው የሚያስፈልገው የአደባባይ ሥራ ሁሉ ነው ብሎ መመለስ ይቻላል። ቀን ቀን ሽማግሌዎች በጥላው ያርፋሉ፥ ይጫወታሉ፥ ጥጥ ይፈትላሉ። ጠብ በተነሣ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው የሚነጋገሩት፥ ምስክር የሚምለው፥ እርቅ የሚወርደው በዚያው ነው። የበዓል ዘፈንና ጭፈራ የሚደረገውም በዚያው ነው። በአንዳንዱ ሞራ ለአካለ መጠን የደረሰ ጎረምሳ አንሥቶ ኀይሉን የሚያሳይበት ከባድ ድንጋይ አለ። ማታ ማታ ደግሞ ያላገቡ ወጣቶች በፓፍታው ሰገነት ላይ ያድራሉ። ይህ ለዕረፍት ብቻ የተሠራ ደንብ አይደለም፤ ሣር በሣር ላይ ተጠጋግቶ በተከደነበት ከተማ እሳት ቢነሣ፥ ጠላት ቢመጣ፥ ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ተሸካሚ ቢያስፈልጋት፥ በአንድ ጥሪ የሚነሣ ጉልበት በአንድ ሥፍራ መገኘት ስላለበት ነው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ ወደ ሚያውቀው ነገር ሳይመለከት አይቀርም። በሰሜኑ አገር በዋርካ ሥር የሚቀመጠውን ሸንጎ፥ በደጀ ሰላም የሚደረገውን ምክር ያስታውሳል። የጉራጌውን ጀፎረ ያየ ደግሞ ሣር የለበሰው ሰፊ ጎዳና እንዴት የልቅሶም የሠርግም የዳኝነትም ሜዳ እንደሚሆን ያውቃል። ከኮንሶ በስተሰሜን ያለው የጋሞ ሰውም ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሜዳው ላይ ሥርዐት ያወጣል፥ ያስታርቃልም። እንግዲህ የመሰብሰቢያ አደባባይ መኖሩ ለኮንሶ ብቻ የተሰጠ ነገር አይደለም። ኮንሶን የሚለየው፥ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሥፍራ ላይ ስለ መሰብሰቡ ምልክት መትከሉ ነው። በዋርካው ሥር የተፈረደው ፍርድ በሰው ልብ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሞራ የተደረገው የትውልድ ርክክብ ግን ከሰው ልብ በተጨማሪ በእንጨትና በድንጋይ ቆሞ ይቀራል።

የኮንሶ ወንዶች እንደ ዕድሜያቸውና እንደ አባታቸው ደረጃ በትውልድ ጓድ ይመደባሉ፤ ይህም ሔላ ይባላል። ጓዱ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በአንድነት ይሻገራል፤ በአንዱ ደረጃ ተዋጊና ሠራተኛ፥ በሌላው ደረጃ መካሪና ፈራጅ ይሆናል። ሥርዐቱ ከቦረናው ገዳ ጋር ዝምድና እንዳለው ሊቃውንት ተስማምተዋል፤ የቦረና ገዳ ግን በየ8 ዓመቱ ሥልጣን ሲያሸጋግር፥ ጋሞሌ በምትገኝበት በካራት ወገን ያለው የኮንሶ ትውልድ በየ18 ዓመቱ ይሸጋገራል። አዲሱ ትውልድ ኀላፊነቱን በሚረከብበት ጊዜ ከተከበረ ደን የጥድ ግንድ ተቆርጦ፥ በሕዝብ ትከሻ መጥቶ፥ ከቀደሙት ግንዶች ጎን ይተከላል። ዳጋ ሔላ የሚባለው የትውልድ ድንጋይም እንደዚሁ በሥርዐት ተፈልጦ፥ ተጎትቶ፥ ይቆማል። ከዚህ ሌላ ዳጋ ድሩማ የሚባል የጀግንነት ድንጋይ አለ፤ እርሱ ለድል መታሰቢያ የሚቆም ነው። ታላላቅ ድንጋዮችን በሥርዐት የማቆም ልማድ በብዙ አገር ከብዙ ዘመን በፊት የቀረ ሲሆን፥ በኮንሶ ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ወደ ኮንሶ ይዤው የሄድሁት ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነበር። አንድ ግንድ 18 ዓመት ከሆነ፥ የግንዶቹን ቁጥር በ18 አባዝቼ የከተማውን ዕድሜ አገኛለሁ፤ ያገኘሁትንም ቁጥር በሰሜን ከሚታወቁት ነገሥታት ዘመን ጋር አስተያይቼ የኮንሶን ታሪክ በአገራችን የታሪክ ሠንጠረዥ ውስጥ በቦታው አስቀምጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ስለዚህ በሞራው ከደረስሁ ብዙም ሳልቆይ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ መቁጠር ጀመርሁ። ቆጥሬ ጨረስሁ። ጥንቃቄ ለማድረግ ከሌላው ወገን ዞሬ እንደገና ቆጠርሁ። ሁለቱ ቁጥሮች አልተስማሙም። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ በመካከል ያሉት አንዳንድ ግንዶች ከላይ ረግፈው ጉቶ ብቻ ሆነው በጎረቤቶቻቸው ተደግፈዋል፤ አንዱ ጉቶ ራሱን የቻለ ግንድ ይሁን ወይም ከሌላው የተሰነጠቀ ይሁን በዐይን አይለይም።

በጥላው ተቀምጠው ሲመለከቱኝ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪዬን ጠርተው ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም ዓመት እየቆጠረ ነው አላቸው። ሽማግሌው እንደ መሣቅ ብለው ወደ እርሳቸው እንድቀርብ አደረጉ። በአስተርጓሚ የነገሩኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ እንጨቱ የቆመው ዓመትን ለመቁጠር አይደለም፤ ማን ከማን እንደተረከበ ለማሳየት ነው። ዓመትማ ሰው ተኝቶም ያልፋል፤ ትውልድ ግን ተሰብስበው ካላሻገሩት አያልፍም። ቀጥለውም እርሳቸው ከነጓዶቻቸው የተሸከሙት ግንድ የትኛው እንደሆነ አሳዩኝ፤ የትኛውን ጫፍ ማን እንደያዘ፥ በዳገቱ የት ላይ እንዳረፉ፥ ጨቃ የጠመቀው የማን ቤት እንደነበረ ዘረዘሩ። ከእርሳቸው በፊት ያለውን የአባታቸው ነው፥ ከዚያም በፊት ያለውን የአያታቸው ወገን ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግን በስም ሳይሆን በቅደም ተከተል ብቻ ጠሩ። በዚያን ጊዜ ደብተሬን አጠፍሁ፤ ሊጻፍ የሚገባውን ነገር ትቼ ሊቆጠር የሚችለውን ስቆጥር እንደነበርሁ ገባኝ።

ይህ የእኔ ብቻ ስሕተት እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር በሰኔ ወር 2003 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በተጻፈ ጊዜ፥ ባህሉ 21 ትውልድ፥ ማለት ከ400 ዓመት በላይ እንደኖረ ተገልጿል። አንባቢ 21ን በ18 ቢያባዛ የሚያገኘው 378 ነው። ይህን የምጠቅሰው የመዝገቡን ጸሐፊዎች ለመክሰስ አይደለም፤ ትውልድ የሚለው ቃል በሁሉም ሥፍራ አንድ ዓይነት ልክ እንደሌለው ለማሳየት ነው። በኮንሶ ውስጥ እንኳ ካራት፣ ታካዲና ቱሮ በሚባሉት ሦስት ወገኖች የትውልድ ሥርዐቱ አቆጣጠር አንድ አይደለም። ለአንዱ ወገን የሚሠራውን 18 ወስዶ ለሁሉ ማባዛት፥ የጎንደርን ቁና ይዞ የሐረርን እህል እንደ መስፈር ነው።

ስለዚህ ኦላሂታን እንደ ታሪክ ምንጭ ለመጠቀም የሚሻ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፥ ጥድ ጽኑ እንጨት ቢሆንም ዘላለማዊ አይደለም፤ ምስጥና ዝናብ ይበሉታል። እንግዲህ የቆሙት ግንዶች ቁጥር የነበሩትን ግንዶች ቁጥር አያረጋግጥም፤ ከዚህ አያንስም ለማለት ብቻ ያስችላል። ሁለተኛ፥ ግንዱ የሥርዐቱን ዕድሜ እንጂ የሠፈራውን ዕድሜ አይናገርም፤ ሰዎች በኮረብታው ላይ ቤት ሠርተው፥ እርከን ክበው፥ ተባዝተው ሞራ ለመመሥረት እስኪበቁ ድረስ ያለፈው ዘመን በግንድ አልተጻፈም። ሦስተኛ፥ ርክክቡ የሚደረገው በሕዝብ ስምምነትና በሕዝብ ወጪ ስለሆነ፥ ረኀብና በሽታ በጸናበት ዘመን ሊዘገይ የሚችል ነገር ነው፤ የሥርዐት ዘመን እንደ ፀሐይ ዘመን ተቆርጦ አይሄድም።

እነዚህ ሦስት ጥንቃቄዎች መዝገቡን ዋጋ የሚያሳጡ አይደሉም። ብራናም ቢሆን ምስጥ ይበላዋል፥ ገልባጭ ይዘለዋል፥ የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊም የጌታውን ሽንፈት ያሳጥረዋል፤ ሆኖም ብራናን አንጥልም፥ እናነጻጽራለን እንጂ። ለኦላሂታም ማነጻጸሪያ አለው። ከሁሉ በፊት የከተማው ግንብ ራሱ ምስክር ነው። የውስጠኛው ዙር የቀደመው ነው፤ ሕዝቡ በበዛ ጊዜ ከግንቡ ውጭ ቤት ይሠራል፥ ከዚያም አዲሶቹን ቤቶች የሚጠብቅ ሌላ ዙር ይካባል። ስለዚህ ከውጭው በር ወደ መካከሉ ሞራ የሚሄድ ሰው ከቅርቡ ዘመን ወደ ሩቁ ዘመን ይጓዛል ማለት ነው። በየሠፈሩ፥ በአገሩ ቋንቋ በየካንታው፥ ያሉት ሞራዎች አቀማመጥ፥ በየሞራው የቆሙት ድንጋዮች፥ የሽማግሌዎቹ የቃል ታሪክ፥ እነዚህ ሁሉ በአንድነት ሲነበቡ ከአንድ ማባዛት ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

የጽሑፍም ማነጻጸሪያ አለ። ጀርመናዊው አዶልፍ የንዘን እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 በደቡብ ኢትዮጵያ ከተዘዋወረ በኋላ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮንሶ ጽፏል። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሃልፓይክ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1967 በኮንሶ ተቀምጦ ያጠናውን በ1972 አሳተመ። ኤልሳቤጥ ዋትሰን ደግሞ ስለ እርከኑና እርከኑን ስለሚያቆመው ማኅበራዊ ሥርዐት የጻፈችውን መጽሐፍ በ2009 አወጣች። በእነዚህ መካከል ያለው ዘመን በራሱ አንድ ሀብት ነው፤ የንዘን ያየው ወጣት በዋትሰን ዘመን በሕይወት ካለ የመጨረሻ ሽማግሌ ነው። ሆኖም ሦስቱም በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ የኮንሶ ሽማግሌዎች የነገሩትን የኮንሶ ልጆች ለማንበብ በመጀመሪያ የባዕድ ቋንቋ መማር አለባቸው።

መዝገብን የሚያነብ ሰው በመዝገቡ ያልተጻፈውንም መጠየቅ ግዴታው ነው። በሞራው ተቀምጬ ሳለሁ ሴቶች የማሽላ ነዶና የውሃ እንስራ ተሸክመው በዳሩ ያልፉ ነበር፤ አንዲቱም ልታርፍ አልተቀመጠችም። ኦላሂታ የወንዶችን ርክክብ ይቆጥራል። ግንዱ በተተከለ ቀን የተጠጣው ጨቃ፥ የተበላውም ኩርኩፋ የሴቶች ሥራ ነው፤ እርሱ ግን ማስታወሻ አልቆመለትም። እንዲሁም በኮንሶ ገበሬዎቹ ኤተንታ፥ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ሐውዳ ይባሉ ነበር፤ ሐውዳዎቹ በቀድሞው ዘመን ከመሬት ባለቤትነትና ከጋብቻ ተገልለው ይኖሩ ነበር። ጥዱን የቆረጠው መጥረቢያ ከሐውዳ እጅ የወጣ ነው። የሞራን ታሪክ ለማመስገን ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ቢዘል፥ የጌታውን ሽንፈት ያሳጠረውን የዜና መዋዕል ጸሐፊ ለመውቀስ አይችልም።

ሞራ ያለፈበት ፈተናም ጥቂት አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ ኮንሶ በጦር በማዕከላዊ መንግሥት ሥር በገባ ጊዜ ፖቆላ ከሚባሉት የጎሣ አባቶች አንዳንዶቹ ባላባት ተብለው በግብርና በዳኝነት መካከል ቆሙ። ታላላቆቹ ፖቆላዎች በጥንቱ ልማድ ከግንቡ ከተማ ውጭ በገዛ ግቢያቸው የሚኖሩ፥ የሚባርኩና የሚያስታርቁ ሰዎች ነበሩ፤ በሞራ ላይ የሚነግሥ አንድ ጌታ አልነበረም። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ዘመናዊ ትምህርትና የወንጌላውያን ክርስትና ሲስፋፋ፥ አዲሱ አማኝ ከጥንቱ ሥርዐት ጋር በተያያዘው ጉባኤ መቆም ይገባኛልን? ብሎ ጠየቀ። ከ1966 ዓመተ ምሕረት አብዮት በኋላ ደግሞ የገበሬ ማኅበር የሽማግሌውን ሥልጣን ወሰደ፤ ሥርዐቱም ጎጂ ልማድ ተብሎ ተነቀፈ። ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን በጀግኖች መቃብር ላይ የሚቆሙት ዋካ የተባሉ የእንጨት ምስሎች ለገበያ መሰረቅ ጀመሩ፤ ከስርቆት የተረፉት ጥቂቶቹ ዛሬ በካራት ሙዚየም ይታያሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦላሂታ ቆሞ መገኘቱ ሊያስደንቀን ይገባል። ዳሩ ግን አድናቆታችን ራሱ አዲስ ፈተና እንዳይሆን እፈራለሁ። ዋካ ከመቃብሩ ተነቅሎ በሙዚየም ቢቀመጥ ከሌባ ይድናል፤ ኦላሂታን ግን በሙዚየም ማዳን አይቻልም፤ ምክንያቱም ዋጋው በቆሙት ግንዶች ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ግንድ ላይ ነው። ብራና ጸሐፊው ከሞተ በኋላም መዝገብነቱ አይቀርም። ይህ መዝገብ ግን በየ18 ዓመቱ በብዙ ሰው እጅ በአንድነት ካልተጻፈ፥ ያለፈውም ገጽ ትርጉሙን ያጣል፤ ሽማግሌው የገዛ ጓዶቻቸውን ግንድ ከነታሪኩ ሲያሳዩኝ፥ ከአያታቸው በላይ ያሉትን ግን በቅደም ተከተል ብቻ እንደጠሩ ልብ ይሏል። ስሙን የሚይዘው ሰው ነው፤ እንጨቱ ሰውየውን ያስታውሰዋል እንጂ ራሱ አይናገርም።

በመሸ ጊዜ ለመሰናበት ወደ ፓፍታው ተመለስን። በሰገነቱ ላይ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው በተንቀሳቃሽ ስልክ ብርሃን የሒሳብ ደብተሩን ያነብ ነበር፤ ፈተና ደርሶበታል። መሪዬ፥ እርሱ በልጅነቱ እዚያው ሲያድር ሰገነቱ ሞልቶ የኋላ የመጣ በታች በድንጋዩ ላይ ይተኛ እንደነበር ነገረኝ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ካራት፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ አዲስ አበባም ሄደዋል። ወጣቱን፥ የሚቀጥለው ግንድ ሲተከል ትመጣለህን? ብዬ ጠየቅሁት። የእኔ ተራ እኮ ነው፥ እንዴት እቀራለሁ? አለኝ።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ምክር ይህ ነው። ወደ እንዲህ ያለ አደባባይ የሚሄድ ተመራማሪ ቁጥርን መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው አያድርግ። በየግንዱና በየድንጋዩ ፊት ቆሞ፥ ማን አቆመው፥ ከየት መጣ፥ በዚያን ዓመት ምን ሆነ፥ በዚያን ቀን ያልተጠራው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በአገሩ ቋንቋ ይጻፍ፥ አንዱን ግልባጭ ለከተማው ይተው። ይህን ሥራ ከሁሉ የተሻለ የሚሠሩት በፓፍታ ያደሩት የኮንሶ ልጆች ራሳቸው ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ዘዴውን ማስተማርና የጻፉትን በመጽሔቶቻችን ማስተናገድ ነው። የሦስት ትውልድ ግንድ የሚያስታውሱ ሽማግሌ እስካሉ ድረስ ሥራው ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረን በእውነት ማባዛት ብቻ ይሆናል።

ከሞራው ስወጣ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከመጨረሻው ግንድ ጎን፥ በተነጠፈው ድንጋይ መካከል፥ ጥቂት ባዶ መሬት ነበር። መሪዬን ለምን እንዳልተነጠፈ ጠየቅሁት። ለሚመጣው ነው አለኝ።